አምስት ጥንድ ዓይን

ያጠፋችው እሷ ናት፤ ያፈረው ግን አጎቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን እያወቀች በላች፣ ጠጣች፣ ልምምድ ገባች። እንቅልፍም አልነሳትም። ኋላ ሲታሰባት ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይሄ ደህና አድርጋ መተኛቷ ነበር።

ባንዱ «አምስት ጥንድ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣችው እሷው፣ ዘፋኟ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ በከረመችበት ዓመት አንድ ነገር አስተዋለች፤ ከምትሰማቸው የፍቅር ዘፈኖች ግማሹ ስለ ዓይን ነው። ስለ ኩሉ፣ ስለ ሽፋሽፍቱ፣ ስለ እንባው፣ በዓይን ስለ መጣቀስ፣ በዓይን ስለ መራብ። ጆሮን ያመሰገነ ዘፋኝ አልገጠማትም። «እንግዲያው ዓይንን ብቻ የሚዘፍን ባንድ ለምን አይኖርም?» አለችና አራት ሰው ሰበሰበች፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን አጎቷን፣ አንድ ድራም መቺ፣ ኪቦርድና ሳክስፎን የያዙ ሁለት ወንድማማቾች። አምስት ሰው፣ አምስት ጥንድ ዓይን። ድራም መቺው «የጋሼ መነጽር ከተቆጠረ ስድስት ነን» ይል ነበር፤ የአጎቷ መነጽር እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነውና።

አጎቷ ሠላሳ ዓመት በየሠርጉና በየአዳራሹ የተጫወተ ሰው ነው። ባንዱ የሚሠራበትን ደንብ ያመጣውም እሱ ነው። አዝማቹ ስንት ዙር እንደሚደገም አይቆጠርም፣ ወረቀት አይታይም። ዘፋኝ መጨረስ ሲፈልግ ዞር ብሎ ቤዙን ያየዋል፤ ያኔ ቤዙ ይዘጋል፣ ሌላውም አብሮት ይዘጋል። ካልታየ ዘፈኑ ይቀጥላል።

«ሰው እንደ ዕለቱ ነው» ይላት ነበር። «አንዳንድ ቀን ሁለቴ ይበቃዋል፣ አንዳንድ ቀን አምስቴም አይበቃው። ፊቱን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ እኔ የማየው አንቺን ነው። እይኝ፣ እዘጋለሁ። ካላየሽኝ እስከ ነገም እመታለሁ።»

ያጠፋችበት ቅዳሜ ከሰዓት የከተማው ትልቁ አዳራሽ ለዓመት የሚያጫውተውን ባንድ የሚመርጥበት ቀን ነበር። ወንበሩ ሞልቶ ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሟል። የመጨረሻው ዘፈን «ብከድነውም ታየኛለህ» የሚል፣ ዜማውን አጎቷ የሠራው ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰዉ ከመቀመጫው ተነሣ። ጭብጨባው እንደ ሞቀ ውሃ ወረደባት፤ ራሷን ወደደች። ዓይኗን ከደነች። እንደ ከደነች ጨረሰችና እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ ወንድማማቾቹ እጇን አይተው ቆሙ። አጎቷ ግን አልታየምና አዲስ ዙር ጀመረ፤ ድራሙም ቤዙን ተከተለ። ባንዱ አንድ እግሩን ከሱሪው አውጥቶ የሚነጥር ሰው መሰለ። ሰዉ ሳቀ።

ያኔ ዓይኗን ገለጠች። ወደ አጎቷ ዞረችና ወተት እንደ ደፋ ሕፃን እያየችው ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ሰዉ ሁሉ አየ፤ ማን እንዳጠፋ ገባው፤ እሷንም ይበልጥ አጨበጨበላት። ፍርዱ በዚያው አለቀ።

ከመድረኩ ጀርባ የአዳራሹ ኃላፊ ስልኩን እየነካካ መጣ። «ወድጃችኋለሁ» አለ። «ብቻ ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ። እሳቸውን ቀይሩና ውሉን እንፈራረማለን። ቤዝ የሚመታ ሰው እኔ ራሴ አመጣላችኋለሁ።»

አጎቷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሁሉም እሷን አዩ።

«እናስብበት» አለች።

«አላየኋት ይሆናል» አለ አጎቷ ከገመዱ ቀና ሳይል። «ዕድሜ ነው።»

በር ላይ ድራም መቺው ጠበቃት። «አየሁሽ» አላት።

«ምኔን?»

«ዓይንሽን ነዋ። ጨፍነሽ ነበር። እኔ ትንፍሽ አልልም፤ ሦስት ልጅ አለኝ፣ ይሄ አዳራሽ ያስፈልገኛል። አንቺ ግን የሥጋ ዘመዱ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቁንማ ታውቂያለሽ፤ ተምረሽ የለ።»

በሳምንቱ አጎቷ ዓይን ሐኪም ቤት አድርሺኝ አላት። አደረሰችው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ከትልቁ እስከ ትንሹ ሳይደናቀፍ ሲያነብ በተከፈተው በር ትሰማ ነበር። ሐኪሟ «አባባ፣ መነጽርዎ ልክ ነው፤ አጥርተው ያያሉ» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ፊቱ ጠቆረ።

«ዓይኔ ደህና ከሆነ ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው» አላት አውቶቡስ ሲጠብቁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣህ።»

«አባቴም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሚያውቀው ሰው ስም ጠፋው፣ ከዚያ የገዛ ቤቱ በር። አንቺ አልደረስሽበትም።» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳያት፤ ስሙንና የቤቱን ስልክ ጽፎበታል። «ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ፤ ወንበር ፍለጋ ተጀመረ፤ ወንበሩ ሲገኝ ደግሞ ጊዜው ያለፈ መሰላት። ሰነፍ ምክንያት አያጣም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማንም እምቢ ስላላለው፣ ኃላፊው ውሉን ይዞ ልምምድ ቤት መጣ። ቤቱ ከአንድ አናጺ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ድምፅ እንዳይወጣ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። አጎቷ ሳይጠራ ቀድሞ ደርሷል፤ አንድ ደብተርም ይዟል። ወረቀት የማይወደው ሰው የዘፈኖቹን ሁሉ ቤዝ በራሱ ምልክት ሲጽፍ ነው የከረመው።

«ለሚመጣው ሰው ነው» አለ። «እቺ ጋ አትቸኩል በሉት። እዚህ ጋ ደግሞ ዓይኗን ይጠብቅ።» ጣቱ ገጹ ላይ ቀረ። «እኔን ያመለጠኝ እዚህ ጋ ነው።»

«አላመለጠህም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ጋሼ አልተሳሳተም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ አላየሁትም። ካልታየህ ቀጥል ነው ደንቡ፤ ቀጠለ።»

ድራም መቺው ዱላዎቹን እያየ «እውነቷን ነው። እኔም አይቻለሁ» አለ።

ኃላፊው ትከሻውን ነቀነቀ። «እና ይኼ ነው? እንግዲያው ይቆዩ። እንዳይደገም እንጂ ለእኔ ማንም ይምታው።» እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

በቃ። ሦስት ሳምንት የደበቀችው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይበልጥ አፈረች።

አጎቷ ደብተሩን ዘጋ። «መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ።»

«ሐኪም ቤት ስታደርሺኝ?»

«አውቅ ነበር።»

«ስለ አባቴ ስነግርሽስ?»

ሳክስፎን የያዘው ወንድም ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀምሮ ተወው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ስለ ዘፈኑ ከሆነ ምንም አይደል። እኔ ስንት ሠርግ አበላሽቻለሁ፤ አንዱን እንዲያውም ሙሽራው አቁሙልን ብሎናል።» ማንም አልሳቀም። «ጠዋት ስነሣ ግን፣ የኔ ልጅ፣ የልጆቼን ስም በተራ እየጠራሁ ራሴን ስፈትን ነበር። በየቀኑ። ሚስቴ እየሰማችኝ።»

ጊታሩን ከሣጥኑ ከተተና ሁለቱን መቆለፊያዎች ጫን ጫን አደረጋቸው። ደብተሩን ኪቦርዱ ላይ ተወው።

«ታዲያ ማን ማን ነው የሚፈርመው?» አለ ኃላፊው።

«እሷ ትፈርም» አለ አጎቷ። ሣጥኑን አንሥቶ በወንድማማቾቹ መካከል አለፈ፣ ወጣ፣ በሩን ከኋላው ዘጋው።