የአንለይ ክራር ቋጠሮ

«ክራሩን ለእኔ ተናዝዞልኛል፤ ደቀ መዝሙሩ እኔ ነኝ» አለ ያየህ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማው።

ሸዋዓለም የንፍሮውን ሰፌድ አስቀምጣ አየችው። ባሏ አንለይ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ይህ ሰው ለቅሶ ቤት ሽቶ ተቀብቶ መጥቷል። ሐሙሲት ጠጅ ቤት ሁለት ቅዳሜ ስላንጎራጎረ ትከሻው አይወርድም።

«ስጪው ልጄ» አሉ የሟቹ አጎት አባ ተክለ ማርያም። «የዘፈን ዕቃ ለመበለት ምን ያደርግላታል?»

አንለይ በሕይወት ሳለ አዝማሪ እያሉ ሰላምታውን እንኳ በጎን ነበር የሚቀበሉት። ዛሬ የወንድሜ ልጅ እያሉ እንባ ይጠርጋሉ።

ለቅሶተኛውም ያው ነው። ከወረታ እስከ ወንዛዬ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረም ይባላል። ሰርግ ሙሉ ቢመታ ክሩ አይላላም፣ የአንለይ ቋጠሮ አይከዳም ይባላል። ሸዋዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የምታለቅስ መሰላቸው።

እጅ! ያ እጅ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ ማንኪያ አይዝም ነበር። እሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ስታርም፣ እሱ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለሚታጠቡ ሰዎች ይዘፍናል። አንድ ጊዜ ከሰርግ መሀል ተመልሶ መጣ። ክሮቹ የሚታሰሩበት ቆዳ ቀዳዳው ሰፍቶ፣ ቋጠሮው እየሾለከ ሙሽሮች ፊት አሳፍሮታል። ደጅ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ናቀችው። ከዚያ እናቷ ለሰርጓ ያሰሩላትን ዶቃ በጠሰች። የዓሣ አስጋሪዎች ናይለን ክር በቀዳዳው አሳልፋ አንድ ዶቃ ሰካችበት፤ ጫፉን መልሳ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረች። ዶቃው በቀዳዳው አላልፍ አለ፤ ክሩ ያዘ። ማንም እንዳያይ ላዩን ጨርቅ ሸፈነችበት።

ከዚያ ወዲህ ለየሰርጉ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ዘግታ የምታስረው እሷ ናት። አንለይ በግራዋ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከዚያ ደጅ ወጥቶ እጄ ይባረክ ይላል።

«ሚስቴ ናት የምታስረው በላቸው እንጂ» አለችው አንድ ቀን።

«ይስቁብኛል።»

«እኔስ አልስቅብህም?»

«አንቺማ ትስቂያለሽ። ግን በር ዘግተሽ ነው።»

አሁን ክራሩን አንሥታ ለያየህ አቀበለችው። ከክሮቹ አንዷ ባለፈው ሳምንት ተበጥሳለች።

«ደቀ መዝሙሩ ከሆንክ ይችን እሰራትና ውሰድ።»

ያየህ ክሩን ባዶውን ቋጥሮ ሳበው፤ ሾለከ። ደራርቦ ቋጠረው፤ ያም ሾለከ። ሰው ማሳል ጀመረ። ላቡ ሽቶውን አሸነፈው። በመጨረሻ ቆዳው አርጅቷል ብሎ አጉረመረመ።

አባ ተክለ ማርያም ግን ሸዋዓለምን ትኩር ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ ማን ነበር የሚያስርለት? የዚያ ልጅ እጅ እንደሆነ ጽዋ እንኳ አይዝም ነበር።»

እኔ ነኝ ብትል ክራሩ ያለ ክርክር የእሷ ነው፤ አንለይ ግን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ መሳቂያ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ለመሳቅ ሰልስቱን እንኳ አይጠብቁም።

«ራሱ ነበር፣ አባ» አለች። «ማሰር ያላስተማረውን ሰው ወራሽ አላደርግም።»

ክራሩን ከያየህ ጭን ላይ አንሥታ ጓዳ ገባች። የሚከለክላት አልተገኘም።

ከቀሩት ዶቃዎች አንዱን ሰክታ፣ ጠምጥማ ቋጠረች። የሚተርፈውን ጫፍ ሁልጊዜ በጥርሱ የሚቆርጠው አንለይ ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ድርሻው ያ ብቻ ነበር። ክሩን ወጥራ ወደ ግራዋ፣ አገጩ ይደርስበት በነበረው ከፍታ ላይ ያዘችለት።