ነጭ የቀሩት ክቦች

ክሬኑ የፈተናው ውጤት ከተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቆሞ ዜሮዋን አያት። ዜሮ! ተኝቶ እንኳ ቢሞላው ሁለት ሦስት መቼ ያጣ ነበር! መጋዘኑ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ክሬኑ ያሉትም ጆንያውን እንደ ትራስ ስለሚያነሳው ነው። አሁን ግን ወገቡ እምቢ ብሏል። ጭነት የሚያነሳውን የፎርክሊፍት መኪና ሹፌርነት ፈተና ካላለፈ ዕድሜ ልኩን መሸከሙ ነው።

እህቱን እየጎተተ ፈታኙ ቢሮ ዘው አለ። ያስጠናችው እሷ ናት፤ «መጀመሪያ ስህተቱን አጥፋው፣ የተረፈው መልስ ነው» እያለች።

ፈታኙ፣ ክራቫቱ ያነቀው ጎረምሳ፣ የመልስ ወረቀቱን አወጣ። እህትየው አየት አደረገችና ጭንቅላቷን ያዘች። በየጥያቄው ማለት ይቻላል ሦስቱ ክብ ድብን ብሎ ጠቁሯል፤ አንዱ ነጭ።

«አንተ! የሚጠቆረው መልሱ እኮ ነው!»

«ስህተቱን አጥፋ አላልሽኝም? ድምጥማጡን አጠፋሁት!»

«የጥያቄው ወረቀት ላይ ነዋ፣ የኔ ጅል!»

«አልነገርሽኝማ!»

ፈታኙ ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድም፣ ከአንድ በላይ ከጠቆረ ማሽኑ አያውቅልህም። ደሞ ይሄን ጉልበት ይዘህ፣ ጫኝ ነህ በቃ። መኪና ምን ያደርግልሃል?»

ክሬኑ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲለው እስክሪብቶዎቹ ዘለሉ። «ነጮቹን ቁጠር!»

ሳቁ ቆመ። ፈታኙ እየተነጫነጨ ነጮቹን ከትክክለኛው መልስ ጋር እያመሳከረ ቆጠረ። ለማለፍ አንድ ጎደለ። አንዱ ጥያቄ ላይ ግን ሁለት ክብ ነጭ ቀርቷል፤ ክሬኑ መለየት አቅቶት ትቶታል።

«ጫኝ ሁሉ ጉልበተኛ ነው፣ ይላል» አለ ፈታኙ ሊገላገለው። «ጎረቤትህ ጉልበተኛ ነው። እና ጎረቤትህ ጫኝ ነው፣ ወይስ አይታወቅም?»

ክሬኑ ደሙ ፈላ። «አንተ ራስህ አሁን ምን አልከኝ? ጉልበት ስላለኝ ጫኝ ነኝ? ቦክሰኛውስ? አንጥረኛውስ? አይታወቅም! ሰው በክንዱ አይታወቅም፣ ሰማህ?»

ፈታኙ ጆሮው ቀላ። ከመሳቢያ አዲስ ወረቀት መዞ ወረወረለት። «ልክ ነው፣ ሞላልህ። ነጮቹን እዚህ አጥቁር። ካለቃዬ ጋር እንዳታጣላኝ፣ ቶሎ በል።»

ክሬኑ እርሳሱን እንደ መዶሻ ጨብጦ፣ ንዴቱ ገና አልወጣለትም፣ የመጀመሪያው ክብ ላይ ወረቀቱን ሸረከተው።

«ምን ታፈጣለህ?» አለች እህትየው ወደ ፈታኙ ዞራ። «ሌላ አምጣ!»