የሳልሞኔላ ግማሽ ስም

እኔን የሚያናድደኝ ጀርሙ አይደለም። ጀርም ሥራውን ነው የሚሠራው። የሚያናድደኝ እኛ ነን፤ ሻርጃ ውስጥ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ነጭ ጋዋን ለብሰን ግማሽ ስም ጽፈን የምንፈርመው።

ሳልሞኔላ የወገን ስም ነው። በሥሩ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ዓይነት አለ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ በተገኙበት ቦታ ይጠራሉ፣ በቡድን በቡድንም ይመደባሉ። ድሮ ቢያንስ ቡድኑን ለይተን ነበር የምንጽፈው። ኮሮና መጥቶ ሁላችንም የአፍንጫ ናሙና ላይ ስንጣድ ግን አለቃችን ዶክተር ሙሐመድዘይን «ሳልሞኔላ ብላችሁ እለፉት» አለን። አለፍነው።

በሁለተኛው የኮሮና ዓመት ከዱባይ፣ ከጁሜይራ ሰፈር፣ ሁለት የሰገራ ናሙና መጣ፤ የአንድ ሕፃንና የቤቱ ሠራተኛ። ከሁለቱም ሳልሞኔላ በቀለ። ጽፌ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪው ስልክ ጮኸ። በተሰባበረ ዓረብኛ የምትታገል ሴት ነበረች። «ሐበሻ ነሽ?» አልኳት። ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«የሺአረግ እባላለሁ። ማዳም ‹ልጄን በሽታ ያስያዝሽው አንቺ ነሽ› ብላ ክፍል ቆልፋብኛለች። ኤጀንሲው ነገ ቪዛሽ ይሰረዛል ብሏል። ስልካችሁን ከውጤቱ ወረቀት ላይ አይቼ ነው። እህቴ፣ እውነት እኔ ነኝ?»

ደሜ ፈላ። ያሳደግናቸውን ጀርሞች ገና አልጣልናቸውም ነበር። ድሮ ቡድን የምንለይበትን፣ ፍሪጅ ውስጥ የቀረውን ሴረም አወጣሁ። ጠብታው የራሱን ቡድን ሲያገኝ ጀርሙ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። የልጁ ወዲያው ተቋጠረ። የእሷ ንቅንቅ አላለም፤ የተቋጠረው በሌላ ሴረም ነው። ቡድናቸው ለየቅል ነው። ልጁን እሷ አላስያዘችውም።

ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት።

«ሲምረት፣ ማን አዘዘሽ?» ነው ያለኝ።

«ለማዳሟ ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ!» ብዬ ጮኽኩበት። ደወልኩም።

ማዳም እስክጨርስ ሰማችኝ። «ታዲያ እሷም የራሷ በሽታ አለባት ማለት ነው» አለች። «ኸላስ፣ በቃ ትሂድ።» ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። በደወለችበት ቁጥር ለየሺአረግ መልሼ ደወልኩላት።

«ቪዛውን ማስቆም አልቻልኩም» አልኳት። «የልጁ በሽታ ግን ካንቺ የሄደ አይደለም።»

«ዋላሂ በይኝ።»

«ዋላሂ።»

«ተመስገን! በእጄ እኮ ነበር የማጎርሰው። ልጁን በላሁት ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።»

ከዚያ ግማሹን ስም ጽፌ የፈረምኩት እኔ መሆኔን ሳታውቅ መረቀችኝ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ክፉ አይንካሽ አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!