አሥር ቀን ያለ ጆግ

ጋሽ ሊትር ጎንበስ ብለው ዘጠነኛዋን ቅጠል ከወለሉ ላይ አነሱ። ገና ጠዋት ነው፤ ፊታቸውን እንኳ አልታጠቡም። ትናንት የወደቀው ስድስት ነበር፣ ከትናንት በስቲያ አራት። ቅጠሏን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። ቢጫ ሆናለች፤ ጫፏ ጠቁሯል፤ ሲነኳት ልፍስፍስ ትላለች።

"ምን አጎደልኩብሽ?" አሏት ተክሏን። "ንገሪኛ! ምን ቀረብሽ?"

ተክሏ ዝም። ለነገሩ በዚህ ቤት ዝም የማይል ነገር የለም።

ተክሏ ድንክ ጃንጥላ ትባላለች። ጃንጥላ መባሏ በየዘንጓ ጫፍ ስምንት ዘጠኝ ቅጠል ክብ ሠርቶ ስለሚዘረጋ ነው፤ ድንክ መባሏ ደግሞ ዘመዶቿ ጣሪያ የሚያልፉ ዛፎች ስለሆኑ። የተከለቻት ባለቤታቸው ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት ቁራጭ ይዛ መጥታ፣ አንዷን እዚህ ሳሎን መስኮት ሥር በሸክላ ማሰሮ፣ ሌላዋን ግቢው ውስጥ አጥሩ ጥግ አጸደቀች። አሁን ባለቤታቸው ከሞተች ስምንት ወሯ። ይቺ የሳሎኗ ከሄደች እዚህ ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት እሳቸው ብቻ ሊሆኑ ነው፤ እሷ ያሳደገችው ነገር ደግሞ በእሳቸው እጅ ሊጠፋ ነው።

ጋሽ ሊትር አባት ያወጣላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስላነበቡ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። በር ያንኳኳሉ። "ማነው?" ይባላል። "ቆጣሪ!" ይላሉ። ይከፈትላቸዋል፤ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከዚያ ውልቅ። "ኧረ ግቡ፣ አረፍ በሉ" ያላላቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም "ሥራ ላይ ነኝ" ያላሉት ሰው የለም። ቆጣሪ አንባቢ ከቆጣሪው አያልፍም የምትል ሕግ ነበረቻቸው። ማንም አላወጣባቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያወጧት። ስንት ሺህ በር አንኳኩተው አንድ ቤት ሳይቀመጡ ጡረታ ወጡ። ያኔ ምን ቸገራቸው፣ ማታ የሚገቡበት ቤት ነበራቸው። ዛሬ እሳቸው የሚያንኳኩት በር የለም፤ የእሳቸውንም የሚያንኳኳ የለም። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው እሁድ እሁድ እየደወለች "የእማዬ ጃንጥላ እንዴት ናት?" ትላለች። "አምሮባታል" ይሏታል። ውሸታቸውን ነው።

ጠምቷት ይሆናል ብለው የፕላስቲኩን ጆግ እስከ አፉ ሞሉና አፈሰሱላት። ከማሰሮው ሥር ያለው ሰሃን ገንፍሎ ወለሉን ሲያረጥበው በጨርቅ አደረቁት። ከዚያ ግን ዓይናቸው እያየ አሥረኛዋ ቅጠል ወደቀች። "በቃ!" አሉ። ማሰሮውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ ወዳለችው ችግኝ ሻጭ ሄዱ።

ችግኝ ሻጯ በላስቲክ ጥላ ሥር የምትሠራ፣ ከጥፍሯ አፈር የማይጠፋ ሴት ናት። ማሰሮውን ስትቀበላቸው ክብደቱ ወደፊት ደፋት።

"አባባ፣ ምን ተሸክመው ነው የመጡት? በስንት ጊዜ ነው የሚያጠጧት?"

"አልፎ አልፎ።"

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው። "አልፎ አልፎ ሲሉ?"

"ጠዋት..." ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ። ማታ ማታ ትንሽ ጨመር አደርግላታለሁ።"

"ትንሽ ስንት ነች?"

"ባልዲ።"

"በስመ አብ!" አለች ሴትየዋ፣ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ። "አባባ፣ ተክል ነው ዳክዬ የሚያረቡት?"

ማሰሮውን ዘንበል አድርጋ ተክሏን ስባ አወጣቻት። የረጋ ውሃ ሽታ ወጣ። ሥሯ ጠቁሮ ተንጠለጠለ፤ ሴትየዋ በጣቷ ጫን ስትለው ልጡ ተልጦ ጣቷ ላይ ቀረ። ጋሽ ሊትር ክው አሉ።

"ሞታለች?"

"አልሞተችም፣ ሰምጣለች። ሰው ሲጠጣ ይሰክራል፣ ተክል ሲጠጣ ይሞታል። ይቺ ደግሞ ረሳ ሲያደርጓት ነው የምትወደው።"

የበሰበሰውን ሥር በመቀስ ቆርጣ ጣለች። ከአናቷም ሁለት ዘንግ ቀነሰች። አሸዋ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ሞልታ፣ ከታቹ ቀዳዳ ባለው አነስ ያለ ማሰሮ ተከለቻት። ስትጨርስ ጃንጥላዋ የታመመች ዶሮ መሰለች።

"አሥር ቀን ጠብታ ውሃ እንዳያሳዩዋት። ከዚያ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ ካልሆነ ይተዋት። ብርሃን ትፈልጋለች፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያግኛት።"

"እሺ ልጄ። አሥሩን ቀንስ ምን ላድርግላት?"

"ምንም።"

"ቅጠሏን ልወልውልላት?"

"ምንም አልኩ እኮ አባባ! ሌላ ሥራ የለዎትም?"

ለቀልድ ነው ያለችው። እሳቸው ግን ፎጣውን ማጣጠፍ ያዙ። ሌላ ሥራማ የላቸውም።

ቤት ገብተው ማሰሮውን ቦታው መለሱ፣ ከፊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጡ የነበረው ለጃንጥላዋ ብለው አልነበረም። ጆግ ይዘው መስኮቱ ጋ ሲቆሙ የሚያወሩት አገኙ ማለት ነው። ዳቦው ቀዝቃዛ እንደነበር፣ ጉልበታቸውን እንዳመማቸው፣ ሌሊት ማንን በሕልማቸው እንዳዩ ይነግሯታል። ባዶ እጅ ከተክል ጋር መለፍለፍ የእብድ ነው፤ ጆግ ከያዙ ግን ሥራ ላይ ናቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እነሆ፣ እያጫወቷት አሰመጧት።

ምሳቸውን ቀመስ አድርገው ሲነሱ እግራቸው ወደ ማድ ቤት ወሰዳቸው። ጆጉ ተሞልቶ እጃቸው ላይ ሲከብድ ነው የነቁት።

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!" አሉ ራሳቸውን። ባለቤታቸው ነበረች እንደዚያ የምትላቸው።

ውሃውን ለመድፋት ወደ ግቢ ወጡ። በበሩ አጠገብ ሲያልፉ የራሳቸው ቆጣሪ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ልማድ ነውና ጎንበስ ብለው መስታወቱን ጠረጉ። በቀብሩ ማግስት የሚያደርጉት ቢያጡ ይህንኑ ቆጣሪ አንብበው ነበር፤ ቁጥሩ እስካሁን ከጭንቅላታቸው አልወጣም። ቀነሱ፣ ለስምንት ወር አካፈሉ፣ ደግመው አካፈሉ። ቤቱ አሁንም የሁለት ሰው ውሃ ነው የሚጠጣው! የሰው ቤት ቢሆን "እመቤት፣ ፍሳሽ አለብዎት" ይሉ ነበር። ፍሳሹ ራሳቸው መሆናቸውን ሲያውቁ እዚያው ግንቡን ተደግፈው ቆዩ።

ቀና ሲሉ የግቢዋ ጃንጥላ ፊት ለፊታቸው ናት። ትከሻቸው ድረስ ደርሳለች። ግንቡ ግማሽ ጥላ ያደርግላታል፤ ሲዘንብ ትጠጣለች፣ ሲቀር ትታገሣለች። ቅጠሏ ዘይት የተቀባ ነው የሚመስለው።

"አንቺንማ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁሽም" አሏት፣ አፍረው።

ጠጋ ብለው ሲያዩዋት አንድ ነገር አስተዋሉ። በአጥሩ በኩል ያሉት ጫፎቿ በስል መቀስ ተቆርጠዋል፤ ከየቁራጩ ሥር ሁለት ሦስት ቀንበጥ ወጥቷል። ባለቤታቸው እንድትደነድን ብላ እንዲሁ ትከረክማት ነበር። ግን ቁራጩ ትኩስ ነው፣ የዚህ ወር። ማን ገባ? ማንም አልገባም። የተቆረጠው በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ እጅ የሚደርስበት ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የባለቤታቸው ወዳጅ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ድስት ሾርባ ይዛ መጥታ፣ እሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው "እባክሽ ተዪኝ! የሰው ፊት ማየት አስጠልቶኛል" አሏት። ድስቷን ይዛ ተመለሰች። ተዪኝ ተባለች፣ ተወቻቸው።

ወደ ቤት ገብተው ለመተኛት ሞከሩ፤ እንቅልፍ የለም። አሥር ሰዓት ሲሆን ጆጉን ከቧንቧው ሥር ደግነው ራሳቸውን አገኙት። አሁን ፈሩ። ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ጆጉና እሳቸው አንድ ቤት ካደሩ ጃንጥላዋ አሥር ቀን አትደርስም። ሊጥሉት አሰቡ። ቢጥሉት ባልዲ አለ፤ ባልዲ ቢጠፋ ብርጭቆ አለ። ነገሩ የጆግ እንዳልሆነ ያውቁታል። ጃኬታቸውን ለበሱ፣ ባዶውን ጆግ ይዘው ወጡና የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

"ማነው?"

"ቆጣ..." ምላሳቸው ላይ የደረሰችውን ዋጧት። ለዚህች ጥያቄ ሌላ መልስ ተለማምደው አያውቁም። "እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ጎረቤትሽ።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተች። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ጆጉን አየች።

"ጋሼ! ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"የለም፣ በዛ እንጂ። ይህን ጆግ አሥር ቀን አስቀምጪልኝ። ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ።"

"ምን ሆነው ነው?"

ነገሯት። ባልዲው ላይ ሲደርሱ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

"ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅሮ።

"የግቢዋን የምትከረክሚያት አንቺ ነሽ?"

"በርጩማ ላይ ቆሜ። 'ተዪኝ' ያሉኝ እርስዎ ነዎት እንጂ ጃንጥላዋ 'ተዪኝ' አላለችኝም።"

ጋሽ ሊትር መሬት መሬት አዩ። "ያን ቀን የተናገርኩት... ሰው መሆኔን ረስቼ ነው። ይቅር በዪኝ።"

"ያኔውኑ ትቼዋለሁ ጋሼ። ብቻዎን ሲለፈልፉ በመስኮቱ እሰማዎት ነበር፤ እንዳልመጣ ደግሞ ፈራሁዎት።" ጆጉን ከእጃቸው ተቀበለችና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። "ሾርባ ጥጃለሁ። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት የመለሷት መልስ ከአፋቸው ልትወጣ ተንደረደረች። በሩን አለፍ ብሎ በስተግራ የልብስ ሰፊዋ ቆጣሪ አለ፤ መስታወቱ አቧራ ለብሷል። ስንት ጊዜ አንብበውታል፣ ከእሱ ወዲያ ግን ያለውን አያውቁም።

ዛሬ ጎንበስ አላሉም። አልፈውት ገቡ።