ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ሠራተኛ ነው። የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ወጥቶ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ሲመድብ ይውልና፣ ያ አልበቃ ብሎት ቤት መጥቶ እኛን ይመድባል። ሴሚስተር በገባ ቁጥር የሦስታችንን የትምህርት ፕሮግራም ተቀብሎ አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ያሰፍራል። ትምህርት ያለበትን ሰዓት በቀይ እርሳስ ይቀባዋል፤ ትርፍ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ነጭ የተገኘበት ልጅ ላይ የቤቱ ሥራ ተጠራርጎ ይወድቃል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ነርስነት ስለምትማር ገና ሳትመረቅ "ሲስተር" እንላታለን፤ ወንድሜ ደግሞ "ኢንጂነሩ" ነው። እኔ የማጠናው ታሪክ ነው። ለኢንጂነሩ ታሪክ ወሬ እንጂ ትምህርት አይደለም። "አሥራ ሁለት ክሬዲት ይዘሽ ደግሞ ደከመኝ ትያለሽ? እኔ አሥራ ዘጠኝ ተሸክሜ ዝም ብያለሁ" ይለኛል፣ ዝም ብሎ የማያውቀው ሰውዬ። ሲስተር ሆስፒታል ቆማ የዋለችበትን ሰዓት ቆጥራልን እስክትጨርስ እኔ ሳህኑን ሁሉ አጥቤ እደረድራለሁ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳህን አለፈ። እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። ሲስተርን ስታረግዝ ያቋረጠችውን የሒሳብ ትምህርት ልትቀጥል አመልክታ ኮሌጁ እንደተቀበላት ረቡዕ ዕለት ነገረችን። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። በሁለቱ ቀናት ሱቋ ተቀምጦ ልብስ የሚቀበልና የሚያስረክብ ሰው ካልተገኘ ግን ኮሌጁ ቀረ ማለት ነው። ሱቁን ብትዘጋው ደንበኞቿ ፊት ለፊት ወደተከፈተው ልብስ ሰፊ ይሻገራሉ።

ሐሙስ ከራት በፊት አባዬ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መነጽሩን አስተካክሎ ጣቱን ማክሰኞ ላይ አሳረፈ። ቀይ። ሐሙስ ላይ አሳረፈ። እሱም ቀይ በቀይ።

"ሦስታችሁም አንድ ደቂቃ የላችሁም?"

"እኔ ላቦራቶሪ ነኝ" አለ ኢንጂነሩ።

"እኔ የሆስፒታል ልምምድ" አለች ሲስተር።

"እኔም ላይብረሪ የቡድን ጥናት አለኝ" አልኩ፣ ድምፄን ደከም አድርጌ።

እውነቱን ልናገር፤ የቡድን ጥናት የሚባል ነገር የለኝም። ሳህንና መጥረጊያ ቢያንገበግበኝ ጊዜ፣ ፕሮግራሜን ለአባዬ ከመስጠቴ በፊት እዚህም እዚያም ሞላ ሞላ አድርጌው ነበር። ያን ያደረግኩት ሰኞ ነው፤ የእማዬን ጉዳይ አላውቅም። አሁን ሳውቅ ደግሞ መናገሩን ፈራሁ።

እማዬ ካርቶኑ ፊት ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየደመረች ነው። ጨርቅ ስትቆርጥም እንዲሁ ናት፣ ወረቀት አትነካም።

"አሥራ ዘጠኝ ክሬዲት የያዘ ልጅ በሳምንት አርባ አራት ሰዓት ክፍል ይገባል?" አለች። "አሥራ ሁለት የያዘችው ደግሞ አርባ አንድ?"

ኢንጂነሩ የካልሲውን ቀዳዳ መመርመር ጀመረ።

"እንግዲህ የዘንድሮ ትምህርት ከብዷል ማለት ነው" ብላ የምዝገባ ቅጿን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይደርሳል።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።

"እማዬ፣ የቡድን ጥናቱ ውሸት ነው" አልኩ። "ማክሰኞ እኔ አለሁ።"

አባዬ ዞረ። "ምን ማለት ነው ውሸት?"

"ላቦራቶሪውም..." አለ ኢንጂነሩ ከካልሲው ቀና ሳይል፣ "ሐሙስ ሐሙስ እንኳ ፑል ቤት ነው የምሄደው። ሐሙስን እይዛለሁ።"

ሁላችንም ወደ ሲስተር ዞርን።

"ምን ታፈጡብኛላችሁ? እተኛለሁ! ልምምዱ ጠዋት ያልቃል፣ ከዚያ እንቅልፌን ነው የምለጥጠው! በቃ፣ ቁርስ በኔ ይሁን!"

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። አባዬ ግን ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። "ሹፌሮቼ እንኳ እንዲህ አይደፍሩኝም!" እያለ ቅጿን ከቦርሳዋ አውጥቶ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመረላት።

"በይ ሰዓትሽን ንገሪኝ። ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?"

"አሥራ አንድ ሰዓት።"

ቁርስ፣ ሱቅ፣ ምሳ፣ ሱቅ፣ ገበያ፣ ራት፣ ያላለቀ ስፌት። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይቀባል። እሑድ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። አንድም ነጭ አልቀረም። እስከዛሬ ለእሷ ዓምድ አስምሮላት አያውቅም፤ እኛም ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም። ሁለት ዓመት ስለ ሳህን ሳማርር የኖርኩት ሴትዮ መግቢያ ጠፋኝ።

"አውቶቡስ ብትሆኚ ጋራዥ አስገባሽ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

"ጭራሽ አውቶቡስ አደረግኸኝ?" አለች።

ላጲስ አንስቶ ገበያውንና ራቱን ከእሷ አጠፋ፤ ከሥር የራሱን ስም ጽፎ እዚያ አሰፈራቸው። ራት መሥራት እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ እማዬ ሁለት ኮርስ ልትመዘገብ ሄዳ ስትመለስ፣ ሳትገባ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ሦስት ያዝኩ" አለች፣ እንዳጠፋች ልጅ። "መዝጋቢዋ ሌላ መጨመር ትችያለሽ ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ሦስተኛው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ካልተመቻችሁ ሰኞ ሄጄ እሰርዘዋለሁ።"

ረቡዕ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ፊልም የምናይበት ነው። ያን ሁሉ ውሸት ስሞላ ከሳህኑ ሽሽት ሌላ ያቺንም ሰዓት ላድን ብዬ ነበር። ኢንጂነሩና ሲስተር ገና እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ፣

"ረቡዕም የኔ ነው" አልኩ። "እንዳትሰርዢው።"