ውስጥ ውስጡን የሞተው ሥር

ዛፉን ብንቆርጠው ይሻላል ወይስ ብንተወው? ከትናንት ጀምሮ ይቺኑ ጥያቄ ሳመላልስ ውያለሁ፤ መልሱን የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

ባለቤቴ ዳኪዮ የዛሬ ሦስት ዓመት ናን ማዶል ሄዶ፣ ባሕሩ ላይ ከተሠራው ከአባቶቻችን የድንጋይ ከተማ፣ ቅጥሩ ላይ የበቀለውን ትልቁን ዛፍ ቆረጠ። ሥሩ እንደ ግንድ የተደራረቡትን ድንጋዮች ሲፈለቅቃቸው እያየ ማለፍ አልሆነለትም። አለቃችንን ግን አላስፈቀደም። ኋላ በአገራችን ለይቅርታ የሚጠጣውን አንድ የሳካው ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፣ ተሸክሞ አለቃው ዘንድ ሄደ። ሥሩ ተወቀጠ፣ አለቃው ጠጡለት፣ ይቅር ተባለ። እኛም አለቀ አልን።

ምን ያልቃል! የተቆረጠው ዛፍ ሥር ውስጥ ውስጡን ይበሰብስ ኖሯል። ለካ ድንጋዮቹን አቅፎ ይዟቸው የነበረውም እሱው ነው። ትናንት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ቅጥሩ ባሕር ውስጥ ተዘረገፈ። የቀረችው አባቶቻችን የተቀበሩባት ማዕዘን ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ሌላ ዛፍ አለ።

ዛሬ የልጄ ልጅ ሴርሊና ማዕዘኗን አይታ ተመለሰች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«አባባ፣ ስንጥቁ እጄን ያስገባል። ባለፈው ወር ጣቴን ነበር።»

«እጅሽን ምን ልትሠሪ ከተትሽው?» አልኳት። «ቢወርድብሽስ?»

«እማማ ደግሞ! ስንት መቶ ዓመት የቆመ፣ እኔን ጠብቆ ሊወድቅ?»

«የትናንቱስ የስንት ዓመት ነበር?»

ወደ አያቷ ዞረች። «እንቁረጠው?»

ዳኪዮ የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ እየላጠ ነበር። «ከተቆረጠ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«ካልተቆረጠስ?»

«ይፈለቅቀዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አንተ ያን ጊዜ ማንን ጠየቅህ?»

አፏን በእጇ ያዘች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል። ዳኪዮ ፍሬውን ግማሹን ልጦ አስቀመጠው። ዛፉን ሊቆርጥ ነው ብዬ ቆንጨራው ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ሮጬ ቆምኩ፤ እሱ ግን ዘወር ብሎም አላየው። ጥግ ላይ አንድ ሳካው ከነአፈሩ ተደግፎ ነበር፤ መቼ እንደነቀለው እንኳ አላወቅሁም።

«ለማን ነው እሱ? አለቃው እኮ ይቅር ብለውሃል!» አልኩት።

ተክሉን ትከሻው ላይ አወጣው። የአለቃው ቤት መንገድ በግራ ነው። እሱ ግን በበሩ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ናን ማዶል የምንሻገርባት ጀልባ ወዳለችበት ወጣ።