ለአንቴና እጥፋት አይተውም

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ለሠራቻት ትንሽ ጀልባ የጨርቅ ሽፋን ልሰፋላት ክዳኗን ከፍቼ ስለካ፣ ከሆዷ አንድ ቀጭን ጥቁር ክር ተንጠልጥሎ አየሁ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው የተንጠለጠለ ክር አያልፍም። ቆረጥኩት። መቀሱ ሲነክስ ግን ክር እንዳልሆነ እጄ አወቀ።

ልጄ ለምሳ ስትመጣ ቁራጩን በመዳፌ ይዤ ጠበቅኋት።

«ይህ ምንድን ነው?»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ከየት አመጣኸው?»

«ከጀልባሽ። ክር መስሎኝ ነው።»

«አባዬ! የመቀበያው አንቴና እኮ ነው! እኔ ከዳር ሆኜ የማዛትን የምትሰማበት ጆሮዋ!»

ጀልባዋ የውሃ ጥልቀት ትለካለች። በማግስቱ ጠዋት በግድቡ ላይ ለመሥሪያ ቤቷ አለቃ ልታሳያት ነበር። ሁለት ዓመት ደክማባታለች። ሰውየው «አንድ ጊዜ አያለሁ፤ ካልሆነ ሥራው ይቀራል» ብሏታል። ጀልባዋ ውሃው መሀል ላይ መስማት ካቆመች መለኪያውን እንደያዘች ትቀራለች። ሌላ መቀበያ በቅርብ አይገኝም።

«እንጠግነዋለን» አልኩ።

«ቆራጩም አንተ፣ ጠጋኙም አንተ?»

«ታዲያ ጎረቤት ልጥራ?»

ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ምላጩን አነሳች። በንዴት ሽቦውን ልትልጥ ስትል ተቀበልኋት። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልሥራ።»

መቀበያው ላይ የቀረው ሽቦ ልብስ ደራርቧል። ከላይ ጥቁር ካፖርት፣ ከሥሩ ከቀጫጭን ሽቦ የተጎነጎነ ሹራብ፣ ከዚያ ነጭ የውስጥ ልብስ፣ መሀል ላይ ራሱ ሽቦው። ከጫፉ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ላይ ካፖርቱና ሹራቡ ይወልቃሉ፤ የውስጥ ልብሱ አይነካም። የሚሰማው ይሄ የተራቆተው ነው።

«ይህን ያህል መልበሱ በርዶት ነው?» አልኳት። አልሳቀችም።

በመጀመሪያው ሙከራ ምላጩን ተጫንኩትና እስከ ውስጥ ዘለቀ። የተበላሸውን ጥዬ የቀረውን ለካሁ። ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ተቀመጥኩ። አሁን ምላጩን ሳልጫን ሽቦውን ከሥሩ በጣቴ አንከባለልኩት። ካፖርቱ ወለቀ። ሹራቡን ፈትል በፈትል በመርፌ ፈታሁ። ነጩ ሳይጫር ወጣ።

ጀልባዋን ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። መቆጣጠሪያው ላይ የሚልከውን ሞገድ ጉልበት የሚቀንስ ቁልፍ አለ። እሱን ተጭና ሠላሳ እርምጃ ብትርቅም ጀልባዋ መታዘዝ አለባት። ልጄ እየቆጠረች ሄደች። አሥራ ሁለት ስትል መቅዘፊያዋ ተንተባተበ። አሥራ አራት ስትል ቆመ።

ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። «በቃ፣ ቀረ።»

«አልቀረም።»

«ልኩን አድርገሃል አይደል? ሠላሳ አንድ?»

«ሠላሳ አንድ ነው። በላዩ ለእጥፋት አንድ ጣት ትቻለሁ።»

«ለምን?»

«ለእጥፋት ነዋ! ቢጠበው በምን ይሰፋል?»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። «አባዬ፣ ሞገድ አይወፍርም እኮ!»

እኔ ደንበኛ ሁሉ አንድ ቀን ይወፍራል ብዬ ነው የኖርኩት። «ቢረዝም ይበልጥ አይሰማም ወይ?» አልኳት።

«አይሰማም። ልኩ ነው ጆሮው።»

የእኔን ሜትር አላመነችውም፤ ጫፉ ተበልቷል። የብረት ማስመሪያዋን አመጣች። እሷ ያዘች፣ እኔ ትርፉን ቆረጥኩ። እንደገና ሄደች። አሥራ አራትን አለፈች። ሠላሳ። መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄዳ ከዚያ እጇን አነሳች። መቅዘፊያዋ ሳይንተባተብ ዞረ። ሽቦው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርገን በፕላስተር አጣበቅነው።

ጠዋት ግድቡ ዳር አለቃዋ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ልጄ ሳይጠይቃት «ትናንት አንቴናዋ ተቆርጦ ነበር፤ ጠግነነዋል» አለችው። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

«ታዲያ ትመለሳለች?»

«ትመለሳለች።»

ጀልባዋ ሄዳ ሄዳ ነጥብ አከለች። ልጄ መቆጣጠሪያው ላይ አውራ ጣቷን አንቀሳቀሰች፤ ነጥቧ ዞረች። ሰውየው መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ወዳሉት የጥልቀት ቁጥሮች ጎንበስ አለ።

«የወዲያኛውን ዳር ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችው።